ሥዕላችንን የት እንስቀል?

"ካራ ገባህ?" አለኝ አንድ የክፍል ጓደኛዬ።

ጊዜው የግንቦት 2016 ዓ.ም መጨረሻ ነበር። ያኔ ገና አንደኛ ዓመት ነን፤ የፈተና ሰሞን ስለሆነም ማንም ለወሬ ጊዜ የለውም። እኔ ከመገናኛ በታክሲ የሚኬድበት ካራ መስሎኝ "ምን ልሠራ ካራ እሄዳለሁ? ዘመድ የለኝ እዛ!" አልኩት። ልጁ ሳቀብኝና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ለካ ካራ የሚባለው ሠዓሊዎች ሥራቸውን እየሰቀሉ የሚተያዩበት አዲስ የኢንተርኔት መሰባሰቢያ ኖሯል። "በእኛ አገር ካራ ቢላዋ ነው፤ ይሄኛው ማንን ሊቆርጥ ነው?" ብዬ ቀልጄ አለፍኩ። ማታ ግን ዶርም ገብቼ፣ ዋይፋዩ እስኪሻለው ጠብቄ፣ እኔም አካውንት ከፈትኩ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በክፍላችን ያልበረደ ክርክር አለ። ገሚሱ "ሥራችሁን ኢንተርኔት ላይ አታውጡ፤ ትዘረፋላችሁ" ይላል። ገሚሱ ደግሞ "ያልታየ ሥዕል እንዳልተሣለ ይቆጠራል፤ ያላችሁን ሁሉ ስቀሉ" ባይ ነው። እኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም። በዚህ ጽሑፍ ለምን እንዳልተዋጡልኝ ለማስረዳትና ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ለማሳየት እሞክራለሁ። መንገዱ አዲስ አይደለም፤ የሰፈራችን ዕድር የሚሠራበት መንገድ ነው።

ካራ እንዴት ተደረሰ?

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ። ሠዓሊዎች በኢንተርኔት መሰባሰብ የጀመሩት ትናንት አይደለም። ከታወቁት መሰባሰቢያዎች አንዱ የሆነው ዴቪያንትአርት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ነው፤ አብዛኞቻችን ያልተወለድንበት ጊዜ ማለት ነው። ጋለሪ ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ የገጠር ልጅ የደብተሩን ጀርባ ሥዕል ስካን አድርጎ ይሰቅላል፤ ሌላ አገር ያለ ሠዓሊ አይቶ "ትከሻው እንዲህ ቢሆንስ?" ይለዋል። ዛሬ በፊልምና በጌም ሥራ ስማቸው የተጠራ ብዙ ባለሙያዎች እንዲህ ካሉ ቦታዎች ነው የተነሱት።

ታዲያ ቤቱ ባለቤት አለው። ባለቤት ደግሞ ይሸጣል፣ ይለውጣል። ዴቪያንትአርት እ.ኤ.አ. በ2017 ዊክስ ለተባለ ኩባንያ በ36 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ድሪምአፕ የተባለ በጽሑፍ ትእዛዝ ሥዕል የሚያመርት መሣሪያ ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜ ሥራው ለማሽን ማሠልጠኛ እንዳይውል የሚፈልግ ሠዓሊ ራሱ ሄዶ "አይሆንም" ብሎ ምልክት እንዲያደርግ ተጠየቀ። ቁጣው ከባድ ስለነበር ወዲያው ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁሉም ሥራ ከመነሻው "አይሆንም" የሚል ምልክት እንዲኖረው ተደረገ። ነገር ግን እምነት አንዴ ከተሰነጠቀ በምልክት አይጠገንም። በጃንዋሪ 2023 ሦስት ሠዓሊዎች በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ክስ ሲመሠርቱ ከተከሳሾቹ መካከል ዴቪያንትአርት ራሱ ነበረበት። በኦገስት 2024 ዳኛው የቅጂ መብቱ ክስ እንዲቀጥል ፈቅደዋል።

በሌላው ሰፈርም ነገሩ ያው ነው። ለጌምና ለፊልም የሚሥሉ ባለሙያዎች የሚሰባሰቡበት አርትስቴሽን ላይ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በኤአይ የተሠሩ ምስሎች ፊት ለፊት መውጣታቸው ያስቆጣቸው ሠዓሊዎች በየገጻቸው አንድ ዓይነት የተቃውሞ ምስል ሰቀሉ፤ ቦታው በሙሉ በዚያ ምስል ተሸፈነ። በ2024 ደግሞ የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ፎቶዎችንና ጽሑፎችን ኤአይ ለማሠልጠን እንደሚጠቀም አሳወቀ። አውሮፓ ያለ ሰው ቅጽ ሞልቶ መቃወም ይችል ነበር። ለእኛ ቅጹም አልነበረም።

ካራ በድንገት የሞላው ያኔ ነው። የመሠረተችው ጂንግና ዣንግ የምትባል ሲንጋፖራዊት ፎቶግራፍ አንሺ ናት። 40,000 ያህል የነበረው የተጠቃሚ ቁጥር በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ650,000 በላይ ደረሰ። ሴትዮዋ የሥዕል ስርቆትን የምታውቀው በወሬ ብቻ አልነበረም። ያነሳችውን አንድ ፎቶ የሉክሰምበርግ ተወላጅ የሆነ ወጣት ሠዓሊ በዘይት ቀለም ሥሎት የ1,500 ዩሮ ሽልማት አግኝቶበት ነበር። ከሰሰችው፤ በ2022 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሷን ውድቅ አደረገባት። ይግባኝ አለች፤ በሜይ 2024 ረታች። እንግዲህ ሕዝቡ ወደ ካራ የጎረፈው እሷ ፍርዷን ካገኘች ገና ወር ሳይሞላ ነው ማለት ነው።

"አትስቀሉ" የሚሉን

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። "አትስቀሉ" ከሚሉት ውስጥ በጣም የማከብራቸው አንድ መምህራችን አሉ። ቁጣቸው ከስርቆት ይልቅ በስልክ መስታወት ላይ ነው። "ሁለት ሜትር ሸራ ላይ የሠራኸውን በመዳፍህ ይዘህ ታሳየኛለህ፤ ቀለሙ የተደራረበበት የት አለ? ብሩሹ የሄደበት የት አለ?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

እኚሁ መምህር አንድ ቀን ያጫወቱንን አልረሳም። በድሮ ዓውደ ርእዮቻቸው ሁሉ በር ላይ የአስተያየት ደብተር ይቀመጥ ነበር። ደብተሮቹን እስከ ዛሬ ቤታቸው አስቀምጠዋቸዋል። ገጹ ሁሉ "በርታ"፣ "ግሩም ነው"፣ "እግዚአብሔር ይጨምርልህ" ነው። "ከዚያ ሁሉ የማስታውሰው ግን አንዱን ነው" አሉን። "አንድ የማላውቀው ሰው 'የሴትዮዋ እጅ ከፊቷ ይበልጣል' ብሎ ጽፎ ሄደ። ተናድጄ አደርኩ። በነጋታው ሄጄ ስለካው እውነቱን ነው።"

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። ያ ሰው ዛሬ ከየት ይመጣል? ዓውደ ርእይ ለማዘጋጀት አዳራሽ መለመን፣ ፍሬም ማሠራት፣ ሸራውን የሚጭን መኪና መከራየት፣ የጥሪ ካርድ ማሳተም አለ። ስም ያላቸው ሠዓሊዎች እንኳ አዳራሽ ለማግኘት ይጠብቃሉ። ተማሪ ደግሞ ሥራው ግድግዳ ላይ በወጉ የሚሰቀልለት ሲመረቅ ነው። ከክፍላችን አንዷ የመጣችው ከደሴ ነው። አባቷ ልጃቸው ምን እንደምትማር በቅጡ አልገባቸውም ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ ገጿን በስልክ ከፍቶ አሳያቸው። ደወሉላት፤ "ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የሠራሽው?" አሏት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። የዘይት ቀለሙ ድርብርብ በስልክ አይታይ ይሆናል፤ ለእኚህ አባት ግን በቂ ታይቷቸዋል። ሥዕል የሚሰቀልበት ግድግዳ በጠበበበት አገር "አትስቀሉ" ማለት "አትታዩ" ከማለት ብዙም አይለይም።

"ዝም ብላችሁ ስቀሉ" የሚሉን

ሁለተኛው ወገን ደግሞ የእኔ የድሮ ወገን ነው። በዚህ ወገን የተነሳ የደረሰብኝን ልናገር።

ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት እናቴ ቡና ስትቆላ በከሰል ሥያት ነበር። ፊቷ በጭሱ ውስጥ ግማሹ ጠፍቷል፤ እጇ ብቻ ጎልቶ ይታያል። በጣም ስለወደድኩት በስልክ አንስቼ አንድ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ስሜን አልጻፍኩበትም፤ ጭራሽ ትዝም አላለኝም። ብዙ ሰው ላይክ አደረገው፤ ሰው ለሰው ተቀባበለው። እኔም ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከዓመት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ካፌ ገባን። እናቴ ግድግዳው ላይ አለች። ባነር በሚታተምበት ማሽን አሳትመው፣ አንድ ሜትር አድርገው፣ ከታች የካፌውን ስም ጽፈውባታል። አስተናጋጁን ስጠይቀው ኃላፊውን ጠራልኝ። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። ግራ ተጋብቶ "ወንድሜ፣ ከኢንተርኔት ያወረድነው እኮ ነው፤ የማንም አይደለም" አለኝ።

የማንም አይደለም! እናቴ ናት እኮ!

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ትናደዳለች ብዬ ስጠብቅ "ታዲያ ስምህን ለምን አልጻፍክበትም?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ውድ አንባቢያን፣ ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ሥራ ወጥ ሥዕል ጥበቃ የሚያገኘው ተሠርቶ ግዙፍነት ካገኘ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ለዚህ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው በሠዓሊው ዕድሜ ዘመንና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይቆያል። የሥራው አመንጪ ተብሎ በስሙ የመታወቅ መብትም አለው። ስለዚህ ያ ሥዕል "የማንም" የሆነበት አንድም ቀን አልነበረም። ችግሩ የማስረጃ ነው። ሥዕሉ የእኔ ስለመሆኑ በእጄ ምን አለኝ? ዋናው ወረቀት ቤት በመኖሩ ተረፍኩ። ከዚያም በላይ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ሥዕሉን ያዩ ሁለት ልጆች መገኘታቸው ነው። አንደኛዋ "የለጠፍከው ቀን ጽፌልህ ነበር" ብላ ቀኑን ያዘለውን ገጽ ፎቶ ላከችልኝ። ኃላፊው አየና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ስሜንም ከሥሩ አስጻፈልኝ። ገንዘብ አልከፈለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሥዕሌን ያስጣሉልኝ ላይክ ያደረጉት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አይደሉም። ቆም ብለው ያዩትና የሆነ ነገር የጻፉት ሁለቱ ናቸው።

"ሁላችንም ስንቀዳ አይደል ያደግነው?"

አንዳንዶች "ኤአይ የሚያደርገው እኛ ከምናደርገው በምን ይለያል? ሁላችንም ስንቀዳ አይደል ያደግነው?" ይላሉ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ በተለይ በእኛ አገር። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከመምህሩ እግር ሥር ቀለም እየበጠበጠ፣ ቅርጹን፣ ዓይኑን፣ የልብሱን እጥፋት እንዳለ እየወረሰ ነው የሚያድገው። ብዙ የድሮ ሥዕሎቻችን ላይ የሠዓሊው ስም የለም። እንዲያውም ከግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ነው፤ ስሙም ይጻፍለታል። የሠራው ሰው ግን የትም የለም።

ነገር ግን ልዩነቱን እንመልከት። ያ ደቀ መዝሙር የሚቀዳው መምህሩ ፊት ተቀምጦ ነው። መምህሩ ያውቃል፣ ይቆጣል፣ ያርማል። ልጁ በምላሹ ያገለግላል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ልጅ ያስተምራል። "ማን አስተማረህ?" ቢሉት "መምህሬ እገሌ ናቸው" ይላል። በመቅዳትና በመውሰድ መካከል ያለው ድንበር ይኼ ይመስለኛል። ማሽኑ የሠለጠነው እንዴት ነው? ላዮን-5ቢ የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ስብስብ ከ5 ቢሊዮን በላይ የምስል አድራሻዎችን ከነመግለጫቸው ይዟል። ከኢንተርኔት የተለቀመ ነው። ስቴብል ዲፊውዥን የሠለጠነው ከዚህ በወጣ ክፍል ነው። ከእነዚያ ሠዓሊዎች መካከል ማን ተጠየቀ? ማሽኑን "ማን አስተማረህ?" ብትሉት ማንን ይጠራል? አሁንም ከግርጌ ያለው ያሠራው ባለጸጋ ነው፤ ሠዓሊው የለም።

መከላከያ የለም ወይ? ጥቂት አለ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ግሌዝ የተባለ ፕሮግራም አውጥተዋል። ሥዕሉን ለሰው ዓይን በማይጎላ ሁኔታ ይነካካውና ማሽኑ የሠዓሊውን ስልት አሳስቶ እንዲያነብ ያደርጋል። ካራም ይህን አገልግሎት በውስጡ አስገብቷል። በተጨማሪም ካራ ለተሰቀሉ ሥዕሎች "ለኤአይ አይውልም" የሚል ምልክት ያደርጋል። ግን ራሳችንን አናታልል። ግሌዝን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ፍጹም መከላከያ አይደለም ብለዋል። ምልክቱም ቢሆን አጥር ላይ "ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው" ተብሎ እንደሚጻፈው ነው። የሚያፍር ያነበዋል። የማያፍር ማስታወቂያውን እዚያው ጽሑፉ ላይ ይለጥፋል።

እንደ ዕድርተኛ

እንግዲህ አለመስቀል አይሆንም፤ ዝም ብሎ መስቀልም አይሆንም። ምን ይሻላል? እኔ እንደ ዕድርተኛ እንግባ እላለሁ።

ዕድር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? የራሱን ሐዘን ይዞ አይሄድም። በመጀመሪያ ወርሃዊውን ይከፍላል። የሰው ድንኳን ይተክላል። የማያውቀው ጎረቤት ቀብር ላይ ይቆማል። የራሱ ቀን ሲመጣ "ማን ነው?" የሚለው አይኖርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የሠዓሊዎች መሰባሰቢያም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን ግን የምንገባው እንደ ጉልት ቸርቻሪ ነው። ዕቃችንን ዘርግተን "ግዙኝ፣ እዩኝ" እንላለን፤ አጠገባችን የተዘረጋውን ቀና ብለን አናይም። ከዚያ "ማንም አላየልኝም፤ ቦታው ሞቷል" ብለን እንወጣለን። እንዴት አይሞት? ሁሉም ሻጭ፣ ማንም ተመልካች ካልሆነ ገበያም አይሆንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይኼ ነው። አንድ ሥዕል ከመስቀላችሁ በፊት የሦስት ሰው ሥዕል ተመልከቱ፤ የሆነ ነገርም ጻፉላቸው። "ዋው" እና የእሳት ምልክት አስተያየት አይደለም። "የሴትዮዋ እጅ ከፊቷ ይበልጣል" ነው አስተያየት። መምህራችን ደብተር ላይ ያ ሰው የከፈለው ወርሃዊ መዋጮ ያ ነበር።

ሁለተኛ፣ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ አለው። ደንቡ ሲለወጥ አባሉ ተሰብስቦ፣ ተጨቃጭቆ፣ እጅ አውጥቶ ነው። እዚህ ግን ደንቡን የሚጽፈው ባለቤቱ ነው፤ የሚለውጠውም እሱ ነው። እኛ ሳናነብ "እስማማለሁ" የሚለውን እንጫናለን። ቢያንስ ስለ ሥራችን የሚያወራውን ክፍል እናንብ። የሚከብደው እንግሊዝኛ ከሆነ ሁለት ሦስት ሆነን እናንብበው።

ሦስተኛ፣ ማን እንደሚከፍል እንጠይቅ። ካራ በዚያ በሞላበት ሳምንት መሥራቿ የደረሳት የሰርቨር ሒሳብ 96,280 ዶላር ነበር። ይህን ለሕዝብ አሳይታለች። ይኼ ቁጥር ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። "ነጻ" የምንለው ቦታ ሁሉ ከጀርባው ሒሳብ የሚመጣበት ሰው አለ። ያ ሰው ከአባላቱ መዋጮ ካላገኘ ከሌላ ያገኛል፤ ከማስታወቂያ፣ ከገዢ ኩባንያ፣ ወይም ከእኛው ሥዕል። ካራም ቢሆን ነገ ምን እንደሚሆን ዋስትና የለም። ዴቪያንትአርትም ሲከፈት የሠዓሊዎች ቤት ነበር።

አራተኛ፣ ዕቃችንን በሰው ቤት አናስቀምጥ። ማይስፔስ የተባለው በአንድ ወቅት የዓለም ሙዚቀኛ ሁሉ የነበረበት ቦታ ሰርቨር ሲቀይር ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈኖች እንደጠፉበት በ2019 ታውቋል። ብዙዎቹ ባለቤቶች ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። የሩቁን ትተን የቅርቡን እንይ። በ2012 ዓ.ም ክረምት በአገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ያኔ ሥራው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ ሰው የራሱን ሥዕል ማየት አይችልም ነበር። ዋናው ቤት ይቀመጥ፤ ትልቁ ፋይል ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ የሚሰቀለው አነስ ያለው፣ ስምና ዓመት የተጻፈበት ይሁን። እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝ ይኼንኑ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻ፣ ቤቱን ሳይሆን ሰዎቹን እንያዝ። በዚያ ሳምንት ከኢንስታግራም ወደ ካራ የሄዱት ሠዓሊዎች ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። "እኔ እዚያ አለሁ፤ ኑ" እየተባባሉ ነው የሄዱት። ድንኳኑ ቢቀደድ ዕድሩ አይፈርስም። ዕድር ማለት ሰዎቹ ናቸው። ስለዚህ ሥራችንን ከልብ የሚያዩልንን ሰዎች አድራሻ በራሳችን ደብተር እንጻፍ። ባለቤቱ ቤቱን የሸጠ ቀን የምንፈልገው ይሄንን ነው።

ለክፍላችን አንድ ሐሳብ

መቼም ተማሪ ሲጽፍ ምክር ብቻ ጽፎ ይወጣል ይባላል። እኔ አንድ የሚሠራ ነገር ልጠቁም። በክፍላችን አንድ መዝገብ ይከፈት። ማንኛውም ተማሪ ሥራውን ኢንተርኔት ላይ ከማውጣቱ በፊት ፎቶውን፣ የሠራበትን ቀንና መጠኑን በክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ያስመዝግብ። ወጪው አንድ ሃርድ ዲስክ ነው። ነገ አንድ ሰው "የማንም አይደለም" ሲል የሚያሳየው ይኖረዋል። ከዚህ ጋር ዓርብ ከሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ተሰብስበን እርስ በርስ ሥራችንን እንተያይ። ኢንተርኔት ላይ በቅጡ መተያየት የምንችለው እዚህ ኮሪደር ላይ ስንለምደው ነው። "አትስቀሉ" የሚሉን መምህራችንም ቢገኙልን ደስ ይለናል፤ ሸራው ፊት ለፊታቸው ይሆናል።

ካራ ላይ ምን አገኘህ ለምትሉኝ፣ ብዙ ተከታይ የለኝም። የሸጥኩትም ሥዕል የለም። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ሰው ሰቅዬ፣ ጠብቄ፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በኋላ የሰው ሥራ ማየትና መጻፍ ጀመርኩ፤ እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ቢሆንም። ባለፈው ወር የእናቴን ሥዕል እንደገና ሠርቼ፣ በዚህኛው ስሜን ጽፌ ሰቀልኩት። ሁለት ቀን ዝም። በሦስተኛው ቀን አንዲት የብራዚል ሠዓሊ፣ ከሳምንታት በፊት ስለ ፈረሶቿ የጻፍኩላት፣ አንድ መስመር ጻፈችልኝ። ብርሃኑ ከግራ እየመጣ የጀበናው ጥላም ወደ ግራ ወድቋል አለችኝ።

ተናደድኩ። ተነስቼ ሥዕሉን አየሁት። እውነቷን ነው።

አስተካክዬዋለሁ።